ጄኔራል አቬሬጅ፦ የጋራ ኪሳራ መዋጮ

ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቆ ለማስተርስ ወደ ማልታ፣ ወደ ሳውዝሃምፕተን ወይም ወደ ኦስሎ የሄደ ተማሪ የመርከብ ሕግ ሲጀምር አብዛኛው ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ውሉም፣ ግጭቱም፣ ኢንሹራንሱም ከአገር ቤት የሚያውቃቸው ናቸው። የሚያደናግረው «ጄኔራል አቬሬጅ» ነው። አቬሬጅ ሲባል ከልጅነቱ የለመደው የትምህርት ቤት ካርዱ ላይ ያለውን አማካይ ነው፤ እዚህ ግን የሚደመርና የሚካፈል ውጤት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከብና ጭነት በአንድ አደጋ ውስጥ ሲወድቁ፣ ሁሉንም ለማትረፍ ተብሎ አንዱ ንብረት ሆነ ተብሎ ይሠዋል፣ ወይም ያልተለመደ ወጪ ይወጣል። ያ ኪሳራ በአንድ ሰው ላይ አይቀርም፤ የመርከቡ ባለቤትና ባለጭነቶቹ እንደየንብረታቸው ዋጋ ይካፈሉታል። በአማርኛ «የጋራ ኪሳራ መዋጮ» ብለው ይሻለኛል።

ስሌቱን ጫሞ ሐይቅ ላይ እንየው። 300,000 ብር የምታወጣ ጀልባ የ100,000 ብር ዓሣ፣ የ60,000 ብር ሙዝና የ40,000 ብር ማንጎ ጭናለች እንበል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ሊገለብጣት ሆነ፤ ቀዛፊው ሙዙን በሙሉ ወደ ውኃ ወረወረ። ጀልባዋ፣ ዓሣውና ማንጎው ዳኑ። አደጋ ላይ የነበረው ንብረት 500,000፣ የተሠዋው 60,000 ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ 12 በመቶ ይከፍላል። ባለጀልባው 36,000፣ ባለዓሣው 12,000፣ ባለማንጎው 4,800 ብር ያወጣሉ። ባለሙዙ 52,800 ብር ይቀበልና የራሱን ድርሻ 7,200 ብር ይሸከማል። ሙዙ ስለተጣለ ብቻ ሙሉ ገንዘቡን ቢቀበል ከሁሉም የተሻለው እሱ ይሆን ነበር።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። በነነዌ ጾም የሚነበበው ትንቢተ ዮናስ ላይ መርከበኞቹ መርከቧን ለማቅለል ጭነቱን ይጥላሉ፤ የዕቃውን ዋጋ ማን ከፈለ የሚለውን ግን መጽሐፉ አያነሣውም። ያነሡት የሮድስ ደሴት ሰዎች ናቸው፤ ደንባቸውም በሮም ሕግ በኩል አልፎ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በዩስቲንያኖስ የሕግ ስብስብ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ አብዛኛው የመርከብ ውል የሚጠቅሰው በየጊዜው የሚሻሻሉትን የዮርክና አንትወርፕ ደንቦች ነው፤ የመጨረሻው ማሻሻያ እ.ኤ.አ. የ2016 ነው።

ተማሪውን ፈተና ላይ የሚጥለው «ሆነ ተብሎ» የሚለው ነው። መርከብ ላይ እሳት ተነሣ እንበል። እሳቱ የበላው ጥጥ የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ማንም አያዋጣለትም። እሳቱን ለማጥፋት በተረጨው ውኃ የራሰው ጥጥ ግን በመዋጮ ይከፈላል፤ ውኃውን የረጨው ሰው አስቦ ነዋ። በጭሱ የጠቆረውስ? ደንቦቹ ጭስና ሙቀት ያደረሱትን ጉዳት እሳቱ በምንም መንገድ ቢጠፋ አያስከፍሉም። እንግዲህ አንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ከተደረደሩ ሦስት ጥቅሎች የሚከፈልለት አንዱ ብቻ ነው።

«አቬሬጅ» የሚለው ቃል ታሪክም መንገዱን ያቀናል። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛው «አቫሪ» መጣ፤ እሱም ከጣሊያንኛው «አቫሪያ»፤ የዚህ ምንጭ ደግሞ በዕቃ ላይ የደረሰ ጉዳት ወይም ጉድለት የሚለው የዐረብኛው «ዐዋር» ነው። የግዕዙ «ዕውር» የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። የካርዱ አማካይ የመጣው ነጋዴዎች ኪሳራ ሲያካፍሉ ከቆዩ በኋላ ነው። ስለዚህ «ጠቅላላ አማካይ» ብሎ መተርጎም ቃሉን ገልብጦ ማንበብ ነው። «አጠቃላይ ጉዳት»ም አይሆንም፤ ንብረቱ እንዳለ የጠፋ ያስመስለዋል፤ እዚህ ግን የተረፈ ነገር ከሌለ መዋጮም የለም። «መዋጮ» እንከን አለው፤ ለሠርግና ለልቅሶ የምንሰጠውን በጎ ፈቃድ ያስታውሳል፤ ይኸኛው ግን በሕግ የሚጠየቅ ዕዳ ነው።

የአገራችን የባሕር ሕግ በፈረንሳዊው ምሁር ዣን ኤስካራ አርቃቂነት በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ያኔ አሰብና ምጽዋ የእኛ ነበሩ። እንዲህ በአንቀጽ የተጻፈ ሕግ ለምዶ እንግሊዝ የሄደው ተማሪ በአንቀጽ ፈንታ እ.ኤ.አ. የ1801 የፍርድ ቤት ውሳኔ ሲሰጠው ግራ ይገባዋል። ማልታ የሄደው ደግሞ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ባቋቋመው ኢንስቲትዩት ከብዙ አገር ሕግ አዋቂዎች ጋር ይከራከራል። ሁለቱም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲመለሱ የሚጠይቃቸው ደንበኛ ግን በአማርኛ ወይም በጋሞኛ ይናገራል።

ደንበኛው፣ ለምሳሌ፣ ለላንቴና ለጫኖ ሙዝ አምራቾች የውኃ ፓምፕ ከቻይና የሚያስመጣ የአርባ ምንጭ ሲቀላ ነጋዴ ነው። ዕቃው በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል ብሎ ሲጠብቅ በትራንዚተሩ በኩል የመዋጮ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ኢንቮይስ አምጣ፣ ድርሻዬን እከፍላለሁ የሚለውን የአቬሬጅ ቦንድ ፈርም፣ የኢንሹራንስ ዋስትና ወይም ጥሬ ገንዘብ አስይዝ ይላል። እስኪያሟላ ድረስ ባለመርከቡ ዕቃውን የመያዝ መብት አለው።

ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2021 ስዊዝ ቦይ ላይ ተሰንቅራ ከተለቀቀች በኋላ ኮንቴይነር ለጫኑባት ሁሉ የደረሳቸው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እሳት በተነሣባት ሜርስክ ሆናም ላይ ባለጭነቶች ለነፍስ አድን ሥራውና ለመዋጮው በድምሩ የዕቃቸውን ዋጋ 54 በመቶ ዋስትና ተጠይቀዋል። የተለመዱት የባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ዓይነቶች፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ፣ ሦስቱም መዋጮውን ይሸፍናሉ፤ ርካሹ ሲ እንኳ። ኢንሹራንስ ያለው ነጋዴ ደብዳቤውን ለኩባንያው ያስተላልፋል፤ የሌለው ገንዘቡን ራሱ ያስይዛል።

ነጋዴው «መርከቡን ያስቀረቀረው ካፒቴኑ፣ ከፋዩ እኔ?» ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ባለመርከቡ በሕግ የሚያስጠይቅ ጥፋት ካለበት ባለጭነቱ መዋጮውን አልከፍልም ብሎ መከራከር ይችላል። ብዙ የጭነት ውሎች የሚከተሉት እ.ኤ.አ. የ1924 የብራሰልስ ስምምነት ግን ባለመርከቡን ከካፒቴኑ የአነዳድ ስህተት ነፃ ያደርገዋል። ክርክሩም ቢሆን በኋላ ነው የሚመጣው፤ ፓምፑን ለማስለቀቅ መጀመሪያ ቦንዱ ይፈረማል።