ረሀብ በቤተ መዘክር

ጦርነት ለቤተ መዘክር ብዙ ዕቃ ይተዋል፤ ጎራዴው፣ ጋሻው፣ የጀግናው ካባ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይደረደራል። ከረሀብ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። የተራበ ሰው አስቀድሞ ዕቃውን ይሸጣል፤ ቀጥሎም ለዘር ያስቀመጠውን እህል ይበላል፤ በመጨረሻ ቤቱን ጥሎ ይሰደዳል። ስለዚህ ረሀብን ለተከታይ ትውልድ ለማሳየት የሚነሣ ሁሉ የጎደለውን ነገር ማሳየት ግድ ይሆንበታል።

በዩክሬን ዋና ከተማ በኪየቭ በ2001 ዓ.ም. የተመረቀው መታሰቢያ ይህን በሚገባ ፈጽሞታል። በመግቢያው የቆመችው የነሐስ ሐውልት የከሳች ልጃገረድ ስትሆን፣ በእጇ አምስት የስንዴ ዛላዎች ይዛለች፤ በዙሪያዋም የወፍጮ ድንጋዮች በክብ ተደርድረዋል። ዛላዎቹ የሶቪየት መንግሥት በነሐሴ 1924 ዓ.ም. ያወጣውን ሕግ ያስታውሳሉ። በዚያ ሕግ ከኅብረት እርሻ ማሳ ቃርሚያ የለቀመ ሳይቀር በብርቱ ይቀጣ፣ ቅጣቱም እስከ ሞት ይደርስ ነበር። በዚያው ክረምትና በተከታዩ ዓመት ሚሊዮኖች አለቁ። መንግሥት ረሀብ የለም ብሎ ስለ ካደ፣ ነገሩ በዚያች አገር አደባባይ ሳይነገር ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። እንግዲህ አምስቱ ዛላዎች የተራበውን ብቻ ሳይሆን ያስራበውንም ያሳያሉ።

ለጎንደር አገር ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከማክሰኝት በስተምዕራብ የተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ የታወቀ የእህል አገር ነው። ይህ አገር በ1880 ዓ.ም. ሁለት መዓት በአንድነት ወረደበት። በጥር ወር የደርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት ሣር ውኃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። በዚያው ዘመን፣ ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው «ደስታ» የተባለው በሽታ (ስሙ ምፀት ይመስላል) የአገሩን ከብት ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ዘመኑንም ሕዝቡ በሁለት ቃል «ክፉ ቀን» ብሎት ቀረ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የሚተረከው፣ በበሬ ማረስ የለመደው ገበሬ በእጁ እንዲቆፍር ለማበረታታት ነው። ክፉ ቀንን ለማሳየት የሚሻ ቤተ መዘክር ከባዶ ቀንበርና ከዶማ የተሻለ ዕቃ አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ረሀቦች የታዩት በፎቶግራፍና በፊልም ነው። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ለእይታ ቀረቡ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. ለዓለም ያሳየው ፊልም ደግሞ፣ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ተጣብቆበት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያን ፊልም ያሳየው መንግሥት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሰሜኑ እየተራበ፣ የአብዮቱን በዓል በታላቅ ድግስ አከበረ።

የተራበ ፊት ሐዘኔታን ይቀሰቅሳል፤ ምክንያቱን ግን ብቻውን አይናገርም። ከማክሰኝት በስተደቡብ ምሥራቅ ያለችው እብናት ለዚህ ምስክር ናት። በ1977 ዓ.ም. በዚያ ታላቅ የእርዳታ ጣቢያ ነበር። በሚያዝያ ወር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሀብተኞች፣ ሕሙማን ሳይቀሩ፣ በኃይል ተባረሩ፤ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። ወሬው ወደ ውጭ ሲወጣ መንግሥት ድርጊቱን ያለ ፈቃድ ሠሩት ባላቸው የአካባቢው ሹማምንት ላይ አላከከ።

የጎጆዎቹ ሣር ነዷል። እህል የተሰፈረበትን ጣሳ ያስቀመጠ፣ ወይም ያን ዕለት የሄደበትን መንገድ መምራት የሚችል ሰው ቢፈለግ፣ ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ 60ን ተሻግሯል።