ባለቅኔውና የሙከራ ሳንቲሞቹ

ስለ ደብልዩ ቢ. ዬትስ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼ ይዘው የሚመጡት ባለቅኔውን፣ ጸሐፌ ተውኔቱንና የ1923ቱን የኖቤል ተሸላሚ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የሳንቲም ኮሚቴ ሊቀ መንበር እንደ ነበረ ስነግራቸው ይስቃሉ። እኛም በልጅነታችን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እያልን ሳንቲም ስናጎን ሥዕሉን ማን እንደ ነደፈው ጠይቀን አናውቅም።

በ1922 የተመሠረተው የአየርላንድ ነጻ መንግሥት የራሱን ሳንቲም ለማውጣት ሲነሣ፣ በሴኔት አባልነት ያገለግል የነበረው ዬትስ በ1926 የንድፍ መራጩን ኮሚቴ እንዲመራ ተሰየመ። በአንዱ ገጽ በገና (የእኛውን ሳይሆን ሃርፕ የሚባለውን) እንዲቀረጽ ተወሰነ፤ የእንግሊዝ ንጉሥ መልክ ቀረ። ለሌላው ገጽ ኮሚቴው ቅዱሳንንም አርበኞችንም ትቶ ፈረስ፣ ሳልመን ዓሣ፣ ኮርማ፣ አዳኝ ውሻ፣ ጥንቸል፣ ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ አሳማ ከነግልገሎቿና አንዲት የዱር ወፍ መረጠ። የሃይማኖት ምልክት በመታጣቱ አረማዊነት ነው ብለው የተቆጡ ነበሩ። የዬትስ አርአያዎች ግን የጥንት ግሪኮች ሳንቲሞች ነበሩ፤ ለተጋበዙት ቀራጺዎች የላከላቸውም የእነዚህኑ ፎቶግራፎች ነው።

ከአየርላንድ፣ ከእንግሊዝ፣ ከኢጣልያ፣ ከስዊድንና ከአሜሪካ የተጠሩ ቀራጺዎች ተወዳደሩ። ያሸነፈው እንግሊዛዊው ፐርሲ ሜትካፍ ነው። ከእንግሊዝ አገዛዝ ገና መላቀቁ ለነበረ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሳንቲሞቹ የተመቱትም ለንደን ውስጥ ነው። የኢጣልያዊው ፑብሊዮ ሞርቢዱቺ ንድፎች ተሸንፈው ቢቀሩም፣ በ1927 በብረት የተመቱት ጥቂት የሙከራ ሳንቲሞቹ ዛሬ ሰብሳቢዎች እጅግ የሚፈልጓቸው ብርቅ ቅርሶች ሆነዋል።

ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር የአሸናፊው ረቂቅ የደረሰበት ዕጣ ነው። የግብርና ባለሙያዎች የሜትካፍን ኮርማና አሳማ አይተው «የእኛ ከብት እንዲህ አይደለም» በሚል መንፈስ አረሙት። ኮርማው ተለወጠ፤ አሳማዋም ለገበያ እንድትስማማ ሆና እንደ ገና ተቀረጸች። ዬትስ አዲሱ ኮርማ በሌላ መንገድ ያማረ መሆኑን አልካደም፤ ስለ አሳማዋ ግን፣ ሰበቡ የጉንጭ ሥጋ ገበያ መሆኑን በቀልድ ሸንቆጥ አድርጎ፣ ማዘኑን ጽፏል። ባለሙያዎቹ ስለ ከብት የሚያውቁትን አውቀዋል፤ ነገር ግን የተጠየቀው የከብት ማስታወቂያ አልነበረም። እኛ የአንድ ልብ ወለድ ረቂቅና ኅትመት ስናስተያይ የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ጠባሳ አይደለምን? ማን ሰረዘ፣ በምን ሥልጣን፣ ደራሲውስ ለምን ተስማማ?

ሳንቲሞቹ በ1928 መጨረሻ ለሕዝብ ተሠራጩ። በ1971 ፓውንዱ በመቶ ሲከፈል አሳማዋ በአዲሶቹ ሳንቲሞች ላይ ቦታ አላገኘችም። ሳልመኑና ኮርማው ግን ዩሮ በ2002 እስኪተካቸው ድረስ በሰው ኪስ ቆዩ። አየርላንድ በምታወጣው ዩሮ ላይ የቀረው በገናው ብቻ ነው።