የማርክ አንቶኒ ዲናር፦ የረከሰ ብር ረጅም ዕድሜ

የጥንቷን ሮማ የብር ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ዋጋውን የሚተምኑት በአብዛኛው በመልኩ ነው፤ ጽሑፉ ከጎላ፣ ምስሉም ካልተፋቀ ይወደዳል። ለታሪክ አጥኚ ግን ፊቱ የተሻሸው ሳንቲም የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ከሮማዊው የጦር መሪ ከማርክ አንቶኒ የሌጌዎን (የክፍለ ጦር) ዲናር የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አንቶኒ ይህን ገንዘብ ያስመታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 እና በ31 ዓመት፣ ከተቀናቃኙ ከኦክታቪያን ጋር ለገጠመው ጦርነት የሠራዊቱንና የመርከበኞቹን ደመወዝ ለመክፈል ነው። በአንድ ወገኑ በመቅዘፊያ የሚሄድ የጦር መርከብ፣ በሌላው ደግሞ በሁለት ዓርማዎች መካከል የቆመ ንስር አለበት። ከንስሩ ግራና ቀኝ የሌጌዎኑ ቁጥር በሮማውያን አኃዝ ተቀርጿል።

ብሩ የጠራ አልነበረም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ አንቶኒ በዲናሩ ላይ ብረት እንደቀላቀለ ጽፏል፤ የዘመናችን ምርመራ የሚያሳየው ግን የተጨመረው መዳብ መሆኑን ነው። ዕድሜውን ያረዘመውም ይኸው ጉድለቱ ይመስለኛል። የጠራ ዲናር በእጁ የገባ ሰው ይደብቀዋል ወይም ያቀልጠዋል፤ የአንቶኒን ግን ገበያ ይዞት ይወጣል። ንጉሠ ነገሥት ትራያን ያረጁ ሳንቲሞችን ሰብስቦ እንዳቀለጠ የታሪክ ጸሐፊው ካስየስ ዲዮ ይነግረናል። ከዚያ ወዲህ በተቀበሩ ክምችቶች ውስጥ የሪፐብሊኩ ዘመን ዲናር እየጠፋ ሲሄድ የሌጌዎኑ ዲናር ግን እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ንስሩ ጠፍቶ የዓርማዎቹ ዘንግ ብቻ ቀርቶበት። ንጉሠ ነገሥታቱ ማርከስ ኦሬሊየስና ሉሲየስ ቬረስ የ6ኛውን ሌጌዎን ዲናር በራሳቸው ስም እንደገና ማስመታታቸውም ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንኳ ሕዝቡ ያውቀው እንደነበር ይጠቁማል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ የተቻለው ሳንቲሞቹ አብረዋቸው ከተቀበሩት ጋር ስለተመዘገቡ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በቡልጋሪያ ሬካ ዴቭኒያ የተገኘው ክምችት ከ80,000 በላይ የብር ሳንቲሞች ተቆጥረውበታል። እንዲህ ያለው ክምችት ሳይጠና ተበትኖ በየነጠላው ሲሸጥ፣ ገዢው የሚያገኘው ብሩን ብቻ ነው፤ መቼና ከምን ጋር እንደተቀበረ የሚነግረው የለም።

ወደ ዲናሩ ዕድሜ ስንመለስ፣ በንጉሠ ነገሥት ሴፕቲመስ ሴቬረስ ዘመን የአዲሱ ዲናር የብር መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፦ ሲናቅ የኖረው የአንቶኒ ዲናር ከአዲሱ የተሻለ ብር ያለው ሆነ፤ ሊደበቅና ሊቀልጥ የሚገባውም እሱ ሆነ።