ኮሶ፦ የአንድ ስያሜ ታሪክና ከስያሜው ውጭ የቀረው በሬ

በአማርኛ «ኮሶ» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይጠራል፤ በደጋ የሚበቅለውን ዛፍ፣ ከሴቴ አበባው የሚዘጋጀውን መድኃኒት፣ መድኃኒቱ የሚያስወጣውንም የአንጀት ትል። ፍቺውን የሚለየው ብዙ ጊዜ ግሡ ነው፦ «ኮሶ ያዘው» ሲባል ትሉ፣ «ኮሶ ጠጣ» ሲባል መድኃኒቱ፣ «እንደ ኮሶ መረረኝ» ሲባልም የመድኃኒቱ ጣዕም ይታሰባል።

ቃሉ ከአገር ወጥቶም ተጉዟል። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ከነአገርኛ ስሙ አስተዋወቀ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የደረቀው አበባ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሲገባ ስሙም አብሮት ገባ፤ የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ከአበባው ለተገኙት ንጥረ ነገሮች «ኮሲን» እና «ኮሶቶክሲን» የሚሉ ስሞችን ከዚሁ ቃል አወጡ።

ይሁን እንጂ የትሉ ግማሽ ሕይወት ከቃሉ ውጭ ቀርቷል። ከሰው ዓይነ ምድር ጋር በግጦሽ ላይ የወደቀውን እንቁላል ከብት ሲውጠው፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ፅንስ አንጀት በስቶ በደም አማካይነት ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ በመንጋጋ፣ በምላስ፣ በልብና በወርች ሥጋ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት የትሉን ክፋዮች ለጥጃ አብልቶ ይህን ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1861 ነበር። ሥጋውን በጥሬው የበላ ሰው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ «ኮሶ ያዘው» ይባላል፤ በሬው ግን እንዲህ አይባልለትም።

ምክንያቱ ከሌላ የጡንቻ በሽታ ጋር ሲነጻጸር ይገለጣል። አባ ጎርባ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን የከብቱን ጭንና ትከሻ አሳብጦ ፈጥኖ ይገድላል፤ ስለዚህ እረኛው የራሱ ስም ሰጠው። የኮሶ ከረጢት የያዘው በሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም፤ ይግጣል፣ ያርሳል፣ ይሰባል። ስያሜ የሚታይ ምልክትን ተከትሏል፤ ከረጢቱን የሚያየው ግን ሥጋ በቢላዋ የሚከፍተው ሰው ብቻ ነው። በቄራ የሚሠራበት «የኮሶ ትል እጭ» የተባለው ጥምር ስያሜም ከሳይንሱ በኋላ የመጣ ነው።

ይህ ክፍተት የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ቃል ሕመሙንና ፈውሱን አንድ ላይ ሲይዝ፣ ጥሬ ሥጋ በልቶ ኮሶ መጠጣት የተሟላ ሥርዓት ይመስላል። መድኃኒቱ ትሉን ያስወጣል፤ ተመልሶ መያዝን ግን አይከለክልም። መጸዳጃ ቤት በሌለበትም ሜዳ ላይ የወጣው ትል እንቁላሉን ለግጦሹ ይመልሳል፤ ፈውሱ ራሱ የሚቀጥለውን ሕመም ይዘራል። ስለዚህ የጤና ትምህርት ተርጓሚ «ኮሶን መከላከል» ብሎ ቢያልፍ አንባቢው ስለ መድኃኒቱ ያስባል እንጂ ስለ ግጦሹ አያስብም። መዝገበ ቃላቶቻችንም «የኮሶ ትል እጭ» የሚለውን በከብት ሥጋ ውስጥ ከሚገኝበት ቦታ ጋር ራሱን ችሎ ቢያሰፍሩት፣ ቃሉ ያልደረሰበትን በሬ ወደ ታሪኩ ይመልሱታል።