ወተት በጉንጬ

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከሽቶውና ከጫማው መሀል የክኒን ብልቃጥ ብቅ ማለቱን ለምደነዋል። ለጋሼ ወይም ለእትዬ ነው። «አሚኖ አሲድ ነው፤ እርጅናን ያዘገያል» ይባላል። ነገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሰውነታችን ግሉታታዮን የሚባለውን መከላከያ የሚሠራው ከአሚኖ አሲዶች ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቂት አዛውንቶች ላይ የተደረገ ጥናት ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ2022 በ114 ጤነኛ አረጋውያን ላይ የተሞከረው ግን በጥቅሉ ከባዶ ክኒን የተሻለ አልሆነም።

እኛን የያዘን ሌላ ነው። በአሚኖ አሲድ ታሪክ ውስጥ የወሎ ስም አለበት!

በደሴ መንገድ ከሚሴን ያለፈ ሰው ማሽላውን ያውቀዋል። ማሽላ ሆድ ይሞላል፤ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ግን ያንሰዋል። ላይሲንን ሰውነት ራሱ አይሠራውም፤ ከምግብ ካልመጣ ሕፃን በደንብ አያድግም። ሽሮ ሲታከል ጉድለቱ ይሞላል። ሽሮ ካለ ነው እንግዲህ።

የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ዓይነት ሲፈትሹ ላይሲናቸው ከፍ ያለ ሁለት አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። የወሎ ገበሬ ግን ይህን ዓይነቱን ማሽላ ቀድሞ ስም አውጥቶለታል፦ ወተት በጉንጬ። ምርቱ ትንሽ፣ ፍሬው የተጨማደደ ነው፤ ቢሆንም ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራዋል፣ እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል። ለምን ቢሉት፣ ይጣፍጣላ!

ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ልብ በሉ፣ የወሎ ረሃብ ዓመት። ዘሩ በሳይንስ መጽሔት ሲደነቅ፣ ያቆዩት ሰዎች ቀዬአቸውን ጥለው ወደ አውራ ጎዳናው ይወርዱ ነበር። ተመራማሪዎቹን መውቀሳችን አይደለም። ዝናብ የነሳውን፣ መንግሥት የደበቀውን ረሃብ ላይሲን አይመልሰውም።

ከዚያም አዳቃዮች ብዙ ደከሙ፤ ፍሬው ለስላሳ፣ ምርቱ ዝቅተኛ እየሆነ ዘሩ እንደታሰበው አልተስፋፋም። የአክስቴል ተማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ነው፤ በላይሲን አይደለም።

በእሸት ወቅት በከሚሴ መንገድ የምታልፉ ካላችሁ፣ እስቲ ወተት በጉንጬን ጠይቁልን።