ኦፕንፎም
ኦፕንፎም የፈሳሽና የጋዝ ፍሰትን በኮምፒውተር ለማስላት የሚያገለግል፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነፃና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ በሄንሪ ዌለር ተጀምሮ፣ በ2004 በጂፒኤል ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ። ፍሰቱ ያለበትን ቦታ ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ በእያንዳንዱ የቁስ መጠንን፣ የሞመንተምንና የኃይልን ሚዛን ያሰላል። የራሱ ሥዕላዊ ገጽታ ስለሌለው ተጠቃሚው የጽሑፍ ፋይሎችን ያዘጋጃል፤ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ፓራቪው በተባለ ሌላ ሶፍትዌር ይታያል። ፋይሎቹን ማዘጋጀት ለጀማሪ ቢከብድም፣ ኦፕንፎም የፈቃድ ክፍያ ስለማይጠይቅና ከዝግጁ መለማመጃዎች ጋር ስለሚቀርብ በግላቸው የሚማሩ ሰዎች ይመርጡታል። የተለመደው የመጀመሪያ መለማመጃ ክዳኑ በሚንቀሳቀስ ሳጥን ውስጥ ያለውን ፍሰት ማስላት ነው። በሥዕላዊ ገጽታ መጀመር ለሚሹ ሲምስኬል በድረ ገጽ፣ ሲኤፍዲኦኤፍ ደግሞ ፍሪካድ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ውስጥ ኦፕንፎምን ለመጠቀም ያስችላሉ።