ውሽንፍሩ ያልጣለው እንስሳ

እ.ኤ.አ. በጥር 1886 ካንሳስን የመታው የበረዶ ውሽንፍር ጋብ ሲል፣ ቀድሞ የጎሽ አዳኝ የነበረው ቻርልስ ጆንስ ወደ ደቡብ ተጓዘ። እንደተረከው መንገዱ ሁሉ የከብት ሬሳ ነበር፤ ጎሾቹ ወደሚሰማሩበት የቴክሳስ ሜዳ ሲደርስ ግን ብርድ የገደለው አንድም ጎሽ አላገኘም። በዚያው ዓመት ጥጆች እየያዘ ማርባት ጀመረ። የአሜሪካ ጎሽ፣ ማለትም ባይሰን፣ ከመጥፋት የተረፈበት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የርኅራኄ ታሪክ ሆኖ ይነገራል። ርኅራኄው አልጠፋም፤ ነገር ግን ለአንዳንድ አርቢዎች ከርኅራኄ ይልቅ ያሳመናቸው የብርዱ ወራት ይመስለኛል።

የሚቀጥለው የብርድ ወቅት ደግሞ የባሰ ሆኖ መጣ። የ1886 በጋ ደረቅ ነበር፤ ሰሜኑ ሜዳ ከአቅሙ በላይ ከብት ተሸክሟል። በረዶው ወርዶ ጥቂት ከቀለጠ በኋላ መልሶ ሲረጋ ሣሩ ከጠንካራ ግግር ሥር ተቀበረ። በዳኮታ ከብት ያረባ የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከግማሽ በላይ ከብቱን አጣ። የቀንድ ከብት በረዶ ገፍቶ ሣር የማውጣት ችሎታው ደካማ ነው፤ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲነዳ ይሄድና እሾሃማ ሽቦ ሲያግደው እዚያው ተደራርቦ ይሞታል። የባይሰን ሻኛ ግን ከአከርካሪው የሚነሡ ረጃጅም አጥንቶችና በእነርሱ ላይ የተያያዘ ብርቱ ጡንቻ ነው። በዚህ ኃይል ትልቁን ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ በረዶውን ይጠርጋል። ውኃ ሲያጣ በረዶ ይበላል፤ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በብርዱ ወራት ሰውነቱ የሚያቃጥለውን ኃይል ስለሚቀንስ በጥቂት ሣር ይሰነብታል።

ከብቱን የገደለው የሰው ስግብግብነትና አጥር እንጂ ተፈጥሮው አይደለም የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ግማሹ እውነት ነው፤ ባልተጨናነቀ ግጦሽ ላይ ጥፋቱ ይህን ያህል ባልከፋ ነበር። ቢሆንም በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ብርድ የታየውን ልዩነት ይህ ብቻ አያስረዳውም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ይህን ያህል ጠንካራ ከነበረ ለምን አለቀ? መልሱ ጥይት ነው። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው እንስሳ በቆዳ ነጋዴዎች ጠመንጃ አልቆ፣ የእንስሳት ተመራማሪው ዊልያም ሆርናዴይ በ1889 ባወጣው ዘገባ መሠረት በመላው ሰሜን አሜሪካ የቀረው 1,091 ብቻ ነበር። ብርድ የማይበግረውን መንጋ ገበያ በጥቂት ዓመታት ጨረሰው። በሞንታና ፍላትሄድ ሸለቆ ሚሼል ፓብሎና ቻርልስ አላርድ የገዙት ትንሽ መንጋ ግን ጠመንጃ ስላልደረሰበት ተራባ፤ ካናዳ ከ1907 ጀምሮ ከፓብሎ ከ700 በላይ ገዛች።

አርቢዎቹ የተሳሳቱት ብርዱ ያስተማራቸውን ወደ ሌላ መንገድ በመውሰዳቸው ነው። ጆንስ የባይሰንን ጽናት ወደ ከብት ሊያሻግር ሁለቱን አዳቀለ፤ የመጀመሪያው ትውልድ ወንዶች መካን ሆኑ። የካናዳ መንግሥት ተመሳሳይ ሙከራ እስከ 1964 ድረስ ገፋበት፤ አልተሳካለትም። ባይሰን መለወጥ አላስፈለገውም፤ የሚያስፈልገው ሰፊ መሬትና ከጥይት መጠበቅ ነበር። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ያሉት ባይሰኖች አብዛኞቹ የሚገኙት በግል እርባታዎች ሲሆን፣ ብዙዎቹ የዚያ የማዳቀል ዘመን ቅሪት የሆነውን የከብት ዘር እስካሁን በደማቸው ይዘዋል።